ከዕቃ ቤት፦ የመጋጠሚያው ስፌት



ከኩዌት የሚመለሱ እኅቶቻችን ለገዳማት ብርድ ልብስ ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው። አበባ የታተመበት፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ወፍራም ልብስ ነው። የላባቸው ዋጋ ነውና በምስጋና እንቀበላለን። የሚያሳዝነው አዲሱ በገባ ቁጥር አሮጌው የመንዝ ባና ከዕቃ ቤት ወጥቶ በአህያ ጀርባ ከጭነት ሥር መነጠፉ ነው።

ኩዌት ራሷ ግን የሱፍ ሥራዋን አልጣለችም። በኩዌት ከተማ፣ በባሕሩ ዳርቻ ከብሔራዊው ሙዚየም አቅራቢያ፣ «በይት አስሳዱ» የተባለ የሽመና ቤት አለ። ሳዱ የዘላን ዐረብ ሴቶች ከበግ ሱፍ፣ ከግመልና ከፍየል ጠጉር ፈትለው የሚሠሩት ነው፤ በእኛ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ በዚያ ሁለቱም የሴቶች ናቸው። ድሩን መሬት ላይ ይወጥሩታል፤ ጥለቱም የሚወጣው ከማጉ ሳይሆን ከድሩ ነው። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2013 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያና በኩዌት ስም መዝግቦታል።

ሽመናው ጠባብ ስለሆነ ለድንኳን መጋረጃ የሚሆነው ብዙ ሰቅ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። ባናችንም እንዲሁ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአሜሪካ ሴቶች ያረጀ የሱፍ ልብስ ቈራርጠው ብርድ ልብስ ሲሠሩ፣ መጋጠሚያውን ሳይደብቁ በላባና በዓሣ አጥንት አምሳል በቀለም ክር ይጠልፉበት ነበር። ዛሬ በሙዚየም የሚታየው ያ ቁርጥራጭ ነው። (ድሪቶ ለብሰው ለኖሩ አባቶች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።)

ባና አስቀድሞ የሚለቀው በመጋጠሚያው ነው፤ መሐሉ ገና ብርቱ ሳለ ስፌቱ ስለተተረተረ ብቻ አለቀ ይባላል። ስለዚህ ከመጣሉ በፊት ዳር ዳሩ ይታይ። በሱፍ ክር ይሰፋ፤ ናይሎን ሱፉን ይቈርጠዋል። በሙቅ ውኃ አይታጠብ፣ ይኰማተራልና። ብል እንዳይገባበት ከክረምት በኋላ ፀሐይ ይመታው፣ ይራገፍም።

ከኩዌት ለምትመጡ እኅቶች፦ ከብርድ ልብሱ ጋር ጥቂት የሱፍ ክርና ወፍራም መርፌ ብታክሉበት ዕቃ ቤቱ በደስታ ይቀበላል።