ማሲውን ለቁራሌው አትስጡት

«ማሲ ይሻላል ቤላሩስ?» ጎንደርም ሆነ መተማ፣ ጋራዥ በር ላይ ይህን ጥያቄ ጣል አድርጉና ተቀመጡ። አንዱ ማሲ ፈርጉሰን 135 ባለ ሦስት ሲሊንደር ስለሆነ ነዳጅ አይበላም ይላል። ሌላው ቤላሩስ ኤም ቲ ዜድ 80ን ይዞ «ክረምት ላይ ማሲህን ከጭቃ ጎትቶ የሚያወጣው ማን ሆነና!» ብሎ ይነሳል። ሻዩ ይበርዳል። አጠገባቸው የተቀመጠው የተማረ ሰው ደግሞ «የአሮጌ ብረት ፍቅር» እያለ ያሾፋል።

እኔ የምጽፈው ለአሿፊው ነው።

ሰሊጥና ጥጥ ሁመራንና መተማን ባነሱበት በዚያ በጃንሆይ የመጨረሻ ዘመን ባለሀብቱ ትራክተር ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጡ። ከዚያ ሶቭየቶች መጡ፤ በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ ፋብሪካ ተተክሎ ቤላሩስ ይገጣጠም ጀመር። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙት ማሲና ቤላሩስ የሁለት መንግሥታት ትራፊዎች ናቸው።

ታሪኩ ይቅርና ወደ ሥራው እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ሲፈቀድ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ፤ ዛሬም አልቃወምም። ግን አዲሱ ትራክተር ልክ የዘር ሰዓት ላይ አንዲት ሴንሰር ሲያቃጥል ምን ይሆናል? አዲስ አበባ ይደወላል። ዝናቡ ስልክ አይጠብቅም። ያን ሳምንት እርሻውን የሚያወጣው የተናቀው ማሲ ነው፤ ምክንያቱም ፖምፓውን ፈትቶ የሚያጥብ፣ ፍሪሲዮኑን የሚቀይር፣ የጠፋችውን ቡሽ በቶርኖ የሚቀርጽ ሰው እዚሁ አለ። ያ ሰው ሙያውን የተማረው በምን ላይ ነው? በአሮጌ ብረት ላይ።

የአንዱን ሞተር ከሌላው ካምቢዮ ጋር የሚያጋባውም እሱው ነው። መሀል የሚገባውን ወፍራም ላሜራ ቆርጦ ይበይዳል፣ ይሞክራል፣ እንደገና ይቆርጣል። እዚህ ላይ የማሲ ወዳጆቼ «ኦርጅናል አይደለም!» ብለው ይቆጣሉ። ይቆጡ። ቀለሙ ያልተነካ ቆሞ የሚዝግ ትራክተርና ተበይዶ የሚያርስ ትራክተር ካስመረጣችሁኝ በያጁ ጋር ነኝ።

አንድ ነገር አልክድም። እነዚህ ማሲዎች ሹፌሩን የሚከልል ፍሬም የላቸውም፤ ተዳፋት ላይ ከተገለበጡ ይገድላሉ። ስለዚህ የደባርቅና የጃናሞራ ገደል የእነሱ ቦታ አይደለም፤ እዚያ ገበሬው በበሬ እያረሰ ነው፤ ከተሞከረም በእጅ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ይሞከር። የወገራ ሜዳ ግን ሌላ ነው። ፍሬሙንም ቢሆን ብየዳ ቤቱ ይሠራዋል፤ ልኩንና ጥንካሬውን የሚነግረው መሐንዲስ ከጠረጴዛው ከተነሣለት።

ቁራሌው ግን በኪሎ ነው የሚገዛው። ለእሱ የትራክተሩ ካምቢዮና የተሰበረ አልጋ አንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የቴክኒክ ኮሌጆቻችን ከእሱ ቀድመው አንዳንድ ማሲና ቤላሩስ ይግዙ፤ ተማሪው ይፍታ፣ ይግጠም፣ እጁ ይቆሽሽ። አስመጪውም አዲሱን ሲሸጥ መለዋወጫው ጎንደር ላይ ከማን እንደሚገኝ በውሉ ላይ ያስፍር። እናንተ ግቢያችሁ ውስጥ የቆመ ያላችሁ ደግሞ፣ የግድ የምትሸጡት ከሆነ፣ መቁረጫው ሳይበራ የሞዴሉንና የሞተሩን ቁጥር ፎቶ አንሡ፤ ፖምፓውን፣ ካምቢዮውንና የኋላውን ዘንግ አስፈትታችሁ አስቀሩ። የተረፈውን ላሜራ ይውሰድ።