ጋሻና ጥሩር

ከጋሻና ከጥሩር የትኛው ይበልጣል ቢሉን ለጋሻው እንፈርዳለን። ጥሩር የተባለው የብረት ልብስ ከባድና ውድ፣ ለጥቂት መኳንንት ብቻ የሚደርስ ነበር፤ ዳገት ለሚወጣው የጎጃም እግረኛ የሚመቸው ግን ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተበጀው ጋሻ ነበር፤ መሐሉ ጎበጥ ያለ በመሆኑም የተወረወረውን ጦር ያንሸራትታል። ይሁን እንጂ ጋሻውን ከግድግዳ ሰቅሎ የሚኮራው ባላባት፣ ቆዳውን ያለፋውን «ፋቂ»፣ ጦሩን የቀጠቀጠውን «ጠይብ» እያለ ይንቃቸው ነበር። (በደብረ ኤልያስ ቅኔ የሚቆጥረው ተማሪ የለበሰው ደበሎም፣ መምህሩ የሚያነቡት ብራናም ቆዳ መሆኑን ማን አሰበ?) ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ስድብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። ስንቱ ባለ ዲፕሎማ ግን ዛሬም የጠይብ ልጅ አግባ ቢሉት አያቶቿን መቁጠር ይጀምራል!