ወንፈል ያልተመለሰለት ባንድ



በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሁለት ዓይነት ዕዳ አለ። አንደኛው የገንዘብ ዕዳ ነው። ሁለተኛው የወንፈል ዕዳ ነው። ጎረቤቱ በአጨዳ ጊዜ ማጭዱን ይዞ መጥቶ አንድ ቀን ሙሉ የዋለለት ገበሬ፥ የጎረቤቱ ተራ በደረሰ ጊዜ እርሱም ማጭዱን ይዞ አንድ ቀን ሙሉ ይውልለታል። የገንዘብ ዕዳ የካደ ሰው በዳኛ ይጠየቃል። የወንፈል ዕዳ የካደ ሰው ግን በመንደሩ ስሙ ይጠፋል፤ ለከርሞው አጨዳም የሚደርስለት አያገኝም።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ስለ ሁለተኛው ዕዳ ነው። ባለ ዕዳዎቹ እኛ ነን፤ ባለ ገንዘቦቹ ደግሞ የባንድ ተጫዋቾች ናቸው። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በወንፈል የተዘራና በወንፈል የታጨደ ሆኖ ሳለ፥ እኛ አዝመራውን በሙሉ ለአንድ ሰው፥ ለድምፃዊው፥ አስረክበን የቀሩትን አጫጆች በስማቸው እንኳ አንጠራቸውም። ይህ ነውር ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከፍኖተ ሰላም፥ ከቡሬ ወይም ከደምበጫ የመጣ ተማሪ የጥላሁን ገሠሠን፥ የማሕሙድ አሕመድን፥ የጎጃምን ልጅ የይሁኔ በላይን ስም ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ሳይሳሳት ይነግራችኋል። በ1975 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ማሕሙድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲጫወት ያጀበው ባንድ ማን ነበር? ብትሉት ግን ዝም ይላል። አይቤክስ ባንድ ነበር። ጆቫኒ ሪኮ ባስ ጊታሩን፥ ሰላም ሥዩም ጊታሩን የያዙበት ባንድ ነው። ከዚያም ባንድ ውስጥ ሮሃ ባንድ ወጣ። በ1980ዎቹ ዓመታት በአውቶቡስ ተጭኖ በደጀንና በደብረ ማርቆስ በኩል ፍኖተ ሰላም፥ ከዚያም ቡሬ በሚደርሰው ካሴት በብዙው ላይ የሮሃ እጅ ነበረበት። በሽፋኑ ላይ ግን የድምፃዊው ፎቶግራፍ ሰፍቶ ይታያል። የባንዱ ስም ቢጻፍ በግርጌ ነው፤ የተጫዋቾቹ ስም ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ የለም።

የዋልያስ ባንድ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምረናል። ዋልያስ በ1970ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ስለ ሆነ አድማጩ አንድ ጊዜ ከገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ ተጫዋቾቹም እስኪነጋ ይጫወቱለታል። እነዚህ ሰዎች በ1977 «ቼ በለው» የተባለ ሸክላ አወጡ። ቼ በለው ማለት ምን እንደ ሆነ ለጎጃም ልጅ አይተረጐምለትም፤ በፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋኑ፥ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎኑ ተሰልፈውበታል። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው፤ ይህንንም ዜማ እስከ ዛሬ የውጭ አገር ባንዶች ይጫወቱታል። ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባን ግን አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ሸክላ ባንዱ ድምፃዊ ከፊቱ ሳያቆም በራሱ ስም ቆሟል። አጃቢ የተባለው ክፍል «እኔም ባለ ስም ነኝ» ብሏል።

ምን ተደረገለት? በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ባለቀ ጊዜ ከባንዱ 4 ሰዎች እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። ወንፈሉ በውቅያኖስ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን፥ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር፥ የከበሮውንም ምት በመኪና አድርጎ፥ «ሸሞንሟናዬ»ን የያዘውን ካሴት ቀዳ። ትናንት በባንድ የተሠራውን ሥራ በሁለት እጁ ብቻውን ሠራው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እዚያው ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ።

ካሴቱን ከረሳንበት ያነሣው ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ነው፤ በ2013 እንደ ገና አሳትሞ ለዓለም አሰማው። አሳታሚው ካሴቱን ያገኘው የት ይመስላችኋል? ባሕር ዳር ነው! ከቡሬ ሽቅብ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ በሚደረስበት፥ ስንቶቻችን በተመላለስንበት ከተማ ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አንሥቶት ነው። ኃይሉ መርጊያም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። የአሜሪካዊውን ሥራ አልነቅፍም፤ ምስጋና ይገባዋል። የምነቅፈው በሱቁ ፊት ስንመላለስ የኖርነውን እኛን ነው። በራሳችን መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ ዋጋ የሚነግረን የግድ ከባሕር ማዶ መምጣት አለበትን?

አሁን ተቃዋሚዎቻችን ምን እንደሚሉ እንመልከት።

አንደኛዎቹ «ሕዝቡን የሚስበው ድምፃዊው ነው፤ ባንድ ማጀቢያ ብቻ ነው» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የአጨዳ ዘፈን ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። በምዕራብ ጎጃም በደቦ ላይ አውጪ አለ፥ ተቀባይ አለ። አውጪው የቱን ያህል ድምፁ ያማረ ቢሆን ተቀባይ ካጣ ዘፈኑ ከአፉ ሳይርቅ ይሞታል፤ ማጭዱም ይፈዛል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ጠላውን ለአውጪው ብቻ አይቀዳም፤ ለሁሉም ይቀዳል። ፊደል ያልቈጠረው አባታችን የሚያውቀውን ፍርድ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጁ እንዴት ይስተዋል?

ሁለተኛዎቹ «ባንድ የፈረንጅ ነው፤ የኛ መሰንቆና ዋሽንት ነው፤ ስለ ጊታርና ሳክስፎን ምን አስጨነቀን?» ይላሉ። መሰንቆውንና ዋሽንቱን ከእነርሱ ያላነሰ እንወዳለን። ነገር ግን የቡሬን ገበያ ተመልከቱ። ገበያውን የሚያስነጥሰው በርበሬ መሠረቱ ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ዛሬ በርበሬ የኛ አይደለም የሚል ሰው ካለ ወጡን ያለ በርበሬ ይብላ! ባንድም እንዲሁ ነው። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 የአርመን ልጆች ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የነሐስ መሣሪያዎቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የክቡር ዘበኛው፥ የፖሊሱ፥ የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራ ተነሣ። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ጥሶ በግሉ ማሳተም ጀመረ፤ የሆቴል ባንዶችም በረከቱ። ዘሩ የውጭ ቢሆን ያበቀለው አፈር፥ ያጣፈጠው ቅኝት የኛ ነው።

እዚህ ላይ በርበሬውን ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በርበሬ እንኳ በገበያ ላይ የበቀለበት አገር ስም ይጠራለታል። «የቡሬ በርበሬ ነው» ተብሎ ይሸጣል፤ ገዢውም ስሙን ሰምቶ ይገዛል። ታዲያ ዕድሜውን በጊታር ላይ የጨረሰ ሰው ከአንድ ቁና በርበሬ አንሶ ነውን ስሙ የማይጠራው?

ሦስተኛዎቹ «ባንድ ውድ ነው፤ አንድ ኪቦርድ ሁሉንም ይሠራል» ይላሉ። እነዚህን በቀላሉ መመለስ አይቻልም፤ እውነት አላቸውና። በሠርጉ ድንኳን አንድ ኪቦርድ የያዘ ልጅ ከበሮውንም፥ ባሱንም፥ ሳክስፎኑንም በጣቱ ያዝዛል፤ ደጋሹም የስድስት ሰው ዋጋ ከመክፈል የአንድ ሰው ይከፍላል። ድኻ ደጋሽ ባንድ ይቅጠር አልልም፤ ልጁም እንጀራውን ይብላ። ነገር ግን በኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ያለው የባስ አካሄድና የሳክስፎን አመላለስ ከሰማይ አልወረደም፤ ልጁ ከእነሮሃ ካሴት በጆሮው ቀድቶ የተማረው ነው። መኪናው የሚደግመው ሰዎች ተሰብስበው የፈጠሩትን ነው። ሰዎቹ መሰብሰብ ካቆሙ ነገ መኪናው የሚደግመው ምኑን ነው? ደግሞስ ስም መጥራት ስንት ብር ያስወጣል?

የባንድ ነገር የአዲስ አበባ ነገር ብቻ አድርገን እንዳናየውም ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረ። ወሎ ላሊበላን፥ ጎጃም ግሽ ዓባይን አወጣ። ፖለቲካው የፈለገውን ቢያዘፍናቸውም የየአገሩ ልጆች ከበሮና ክራር፥ መሰንቆና ዋሽንት ይዘው በአንድ መድረክ መቆምን የተማሩት በዚያ ነው። ከእነዚያ መካከል ታዋቂ የሆኑት ድምፃውያን ስማቸው ቀረ። ከኋላቸው ቆመው የተጫወቱት ግን በሕይወት ያሉትም ሸምግለዋል፤ ታሪካቸውን የጠየቃቸው ጥቂት ነው። ሽማግሌ ሲሞት የሚጠፋው ሰው ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ምን እንደ ተጫወተም አብሮ ይጠፋል።

የሕግ ተማሪዎች ወንድሞቻችንም ዝም ሊሉ አይገባም። በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410፥ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው፥ ከደራሲው ሌላ የከዋኙንም መብት ያውቃል። መሣሪያ የተጫወተ ሰው በሕጉ ፊት ከዋኝ ነው፤ ዕቃ ተሸካሚ አይደለም። ነገር ግን በሽፋን ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ይህን መብት በምን ማስረጃ ይጠይቅ? ስም መጻፍ የክብር ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ጩኸት ብቻ እንዳይሆን የሚደረገውን እንናገር።

አንደኛ፥ ማኅበራችን በሚያዘጋጀው በማናቸውም የሙዚቃ ምሽት የድምፃዊው ስም በተጠራበት መድረክ የተጫዋቾቹም ስም አንድ በአንድ ይጠራ። በሚለጠፈው ማስታወቂያም ላይ ይጻፍ። ይህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ሁለተኛ፥ ለዕረፍት ወደ ፍኖተ ሰላም፥ ወደ ቡሬ፥ ወደየገጠሩ የምንሄድ ተማሪዎች ደብተርና እርሳስ ይዘን እንሂድ። በኪነት ቡድን የተጫወቱትን ሰዎች ፈልገን፥ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፥ ማን ምን መሣሪያ እንደ ተጫወተ፥ በየትኛው ዓመት፥ ከማን ጋር እንደ ሆነ እንጻፍ። በደቦና በወንፈል ላይ የሚዘፈነውንም ከነአውጪውና ከነተቀባዩ እንመዝግብ።

ሦስተኛ፥ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የሚበሰብሰው ካሴትና ሸክላ ከነሽፋኑ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይግባ። ከመደርደሪያችን ላይ የሚያነሣልንን የውጭ ሰው ሌላ ሠላሳ ዓመት አንጠብቅ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል የአገራችን ሰው። የባንድ ተጫዋች ስም ግን ባለቤቱ ሳይሞት እየተቀበረ ነው። የዘፈኑባቸውን ቀኖች እኛ ጨፍረንባቸዋል፤ ቀናቸውን ውለውልናል። ተራው የኛ ነው፥ ማጭዳችንን እናንሣ!