ውሃ ሳይኖር ምን አዮን?

ሐረር ውስጥ ስለ ምርምር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዲት ጥያቄ ትከተላለች። «መጀመሪያ ውሃ ይግባ! በርሜል ደርድሮ ለሚጠብቅ ሕዝብ አዮን መመዘን ምን ይሠራለታል?» ጥያቄዋ ሁሌም ጭብጨባ አታጣም። እኛ ግን አናጨበጭብም።

እስቲ ከበርሜሉ እንጀምር። ሐረር ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ በርሜልና ጀሪካን የቤት ዕቃ ሆኑ። በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሃር ላይ ከእስያ የመጣች ትንኝ ተገኘች፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። ረግረግ አትፈልግም፤ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። በ2022 ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ አስነሳች። ስለዚህ «ውሃ ወይስ አዮን» ብሎ ነገር የለም፤ በርሜሉ ሁለቱንም ያገናኛቸዋል።

ወባ መሆኑን በምን እናውቃለን? በየጤና ጣቢያው ባለው አርዲቲ። ብዙዎቹ አርዲቲዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ 2 የሚባለውን የፋልሲፓረም ፕሮቲን ነው። ተውሳኩ ብልጥ ነው፤ በ2021 ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የወጣው ጥናት፣ የዚህን ፕሮቲን ዘረመል የጣሉ ተውሳኮች እንዳሉ አሳይቷል። ሰውየው ወባ አለበት፣ መመርመሪያው «የለህም» ይለዋል!

ይህ ተውሳክ ሊጥለው የማይችለው ነገር ግን አለ። የሚበላው ደማችንን ነው። ሄሞግሎቢንን ሲፈጭ ሄም ይተርፈዋል፤ መሀሉ ላይ ብረት የተቀመጠበት የፖርፊሪን ቀለበት። (ዐወዳይ ላይ የምናየው የጫት አረንጓዴነት የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በብረት ፋንታ ማግኒዥየም አለው።) ሄም ተውሳኩን ራሱን ስለሚመርዘው ሄሞዞይን ወደሚባል ክሪስታል ይለውጠዋል። ክሎሮኪን የሚሠራው ይህንኑ ሥራ በማወክ ነው።

በ2002 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በወባ የተያዘ ደም ላይ ሌዘር ተኮሱ። ሄሙ አዮን ሆኖ፣ ውሃም ፕሮቲንም ሳይነካው፣ አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ በረረ። ቀላሉ ቶሎ ይደርሳል፣ ከባዱ ይዘገያል፤ ከደረሰበት ሰዓት ክብደቱ ይታወቃል። ሄም 616 ላይ ብቅ አለ። ማስ ስፔክትሮሜትር ማለት ይኸው ነው። ያቺ ሞለኪውል ብቻዋን ስትበር ምን እንደምትመስል፣ የት ጋ እንደምትሰበር አስቀድመው የለፉበት ሰዎች ባይኖሩ 616 ቁጥር ብቻ ነበር። በእነሱ ላይም «ምን ይሠራል?» ተብሎ ይሆናል።

ማሽኑ ውድ ነው፤ ነገ ጤና ጣቢያ ይግባ አንልም። ተውሳኩ ገና ለጋ ሳለም ሄሞዞይኑ ጥቂት ነው፤ ይህም ያስቸግራል። የምንለው ሌላ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪውን ሐረማያ፣ ሕክምናውን ሐረር ላይ ያስተምራል። መሀላቸው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም በዐወዳይ በኩል ያልፋል። የጫት መኪና ቀን ከሌት የሚከንፍበት መንገድ ላይ የደም ናሙና የማይመላለስበት ምክንያት ካለ ይነገረን።