አባይ በረሃ ከየት እስከ የት ነው? አፋፉን እኛው እንሳለው

ወገን፣ እስቲ አንድ ጥያቄ። አባይ በረሃ ከየት ተነስቶ የት ያልቃል?

ወንዙን አይደለም ያልኩት። ወንዙንማ ሕፃንም ያውቀዋል፤ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ ሱዳን ይገባል። እኔ የምጠይቀው ገደሉን ነው። ከደጀን ቁልቁል ስትወርዱ ጆሮ የሚደፍነውን፣ ጋቢ ለብሳችሁ ተነስታችሁ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ሸሚዝ የሚያስፈታውን ያንን ሸለቆ። አፋፉ በትክክል የቱ ጋ ነው? ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል? የጀማ ገደል የሱ አካል ነው ወይስ ራሱን የቻለ ነው?

ስልካችሁን አውጡና ካርታ ላይ ፈልጉት። ለወንዙ መስመር ተሰጥቶታል፣ ለጣና ቅርጽ ተሰጥቶታል። ለሸለቆው ግን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ስም ብቻ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ጥልቀቱ ቦታ ቦታው ላይ 1,500 ሜትር የሚደርስ ፍጥረት በአንዲት ቃል ታልፏል። ወሰኑን በመስመር የሚያሳይ፣ ማንም አውርዶ ሊሠራበት የሚችል ፋይል እኔ ፈልጌ አላገኘሁም።

ስለ አባይ የማንለጥፈው ነገር የለም። ፕሮፋይላችን አባይ ነው፣ መፈክራችን አባይ ነው፣ ኮሜንት ላይ ከግብፅ ልጆች ጋር የምንሰዳደበው ስለ አባይ ነው። የቤታችንን አጥር ግን አናውቀውም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው በውኃ ብቻ አይደለም፣ በካርታም ነው።

አሁን አንዱ "ሥራ አጥተን ተቀምጠን አንተ ስለ ገደል ካርታ ታወራለህ?" ሊል ይችላል። እኔም ዲግሪ ይዤ ሥራ የምፈልግ ሰው ነኝና ጥያቄው አይከፋኝም። ግን ጨርሱና ፍረዱ።

መጀመሪያ፣ ምን ያረጋል ለሚለው። ጎሃ ጽዮንና ደጀን በአየር ቢለኩ የሚራራቁት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና መንገድ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ መልሶ ያንኑ ያህል ወጥቶ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይሄ እንግዲህ አስፋልት ላለው ነው። መንገድ የሌለው ቀበሌ ውስጥ ያለችውን ወላድ አስቡ። ቢሮ ቁጭ ብሎ በጠፍጣፋ ካርታ ጤና ጣቢያ የሚመድብ ባለሙያ "ጤና ጣቢያው ከቀበሌው 8 ኪሎ ሜትር ነው" ይላል። መሀል ላይ ገደል እንዳለ ካርታው ካልነገረው ከየት ያውቃል? አፋፉ የደጋና የቆላ መለያ ነው፣ የጤፍና የማሽላ መለያ ነው፣ ወባ ያለበትና የሌለበት መለያ ነው። መሬት የሚንሸራተትበት፣ መንገድ የሚሰነጠቅበትም ቦታ ነው። ይሄ መስመር የሌለበት ካርታ ለዚያ አገር ሰው ግማሽ ካርታ ነው።

ሁለተኛው ነገር ታሪክ ነው። አባይን ማን ለካው? እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ነበር በበቅሎ ዞሮ የወንዙን አካሄድ በካርታ ያሰፈረው፤ መጽሐፉ በ1936 ታተመ። ከዚያ በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች ከንጉሡ መንግሥት ጋር ተስማምተው መጡ። የመሬት ልኬት ነጥቦችን ተከሉ፣ ተፋሰሱን አጠኑ፣ በ1964 ጥናቱን አወጡ። ዛሬ ሕዳሴ ባረፈበት አካባቢ ግድብ ሊሠራ እንደሚችል ያኔ ተጽፏል። ግድቡ የተጀመረው ግን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው። አያችሁ ልኬት ምን እንደሆነ? የለካ ሰው ከ40 ዓመት በፊት ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩበት የልኬት መነሻ "አዲንዳን" ይባላል። ስሙ የኛ ቦታ አይደለም፤ ከእኛ ወዲያ በአባይ ዳር፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ያለ የልኬት ነጥብ ነው። የስልካችሁ ጂፒኤስ ደግሞ ሌላ መነሻ ነው የሚጠቀመው። ሁለቱን ሳታስታርቁ ብትደራርቧቸው አንዱ ከሌላው ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። በሜዳ ላይ 100 ሜትር ምንም ላይመስል ይችላል። አፋፍ ላይ ግን 100 ሜትር ማለት ወይ ማሳው ላይ ናችሁ ወይ አየር ላይ ናችሁ።

እሺ፣ ወሰኑ እንዴት ይሳላል? ጉዳዩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው።

ገደሉ አንድ ግድግዳ አይደለም፣ ደረጃ ነው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ የሙገር ሲሚንቶ የቆመው በዚህ ድንጋይ ነው። ዝቅ ሲል ጂፕሰም፣ ከዚያ አሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉም ሥር ጥንታዊው መሠረት። ጠንካራው ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለስላሳው ተንዶ ይተኛል። ስለዚህ ከላይኛው አፋፍ ወርዳችሁ መደብ የመሰለ ቦታ ታገኛላችሁ። ሰው ይኖርበታል፣ ያርስበታል። ከመደቡ በኋላ ሌላ ገደል አለ። ታዲያ ወሰኑ የትኛው ነው? የላይኛው አፋፍ ነው ካልን የመደቡ ገበሬ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል። የታችኛው ነው ካልን ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ሰው በጣም ትንሽ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ መስመሩ ግን ሁለት ነው። የኔ ሐሳብ ሁለቱም ይሳሉ ነው፤ የውጭ አፋፍና የውስጥ አፋፍ ተብለው፣ በተለያየ ቀለም።

ሁለተኛው ራስ ምታት ገባሮቹ ናቸው። በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ሁሉም የየራሳቸውን ገደል ቆፍረው ነው አባይ የሚገቡት። አፋፉን እየተከተላችሁ ስትሄዱ ሳታውቁት ጀማ ውስጥ ገብታችሁ ወደ መርሐቤቴ ትጓዛላችሁ። የቱ ጋ ነው "በቃ፣ ከዚህ ወዲያ አባይ አይደለም" የምንለው? ደንቡን አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በመገናኛው አፍ ላይ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ቀጥታ መስመር ማስመርና ገባሩን በራሱ ስም ለብቻው መሳል። ደንቡ ካልተጻፈ አንዱ የሚስለው ከሌላው ጋር አይገጥምም፣ ከዚያ ኮሜንት ላይ ድብድብ ነው።

ሦስተኛው ጫፎቹ ናቸው። ከላይ በኩል ከጢስ አባይ ፏፏቴ ጀምሮ ብለን ብንነሳ ብዙ ሰው ይስማማል። ከታች በኩል ግን ግድግዳው ቀስ በቀስ ዝቅ እያለ ወደ ሱዳን ሜዳ ይከፈታል፤ እዚህ ጋ አለቀ የሚል ድንጋይ የለም። አሁን ደግሞ ሕዳሴ አለ። ግድቡ ሲሞላ ውኃው ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ይደርሳል፤ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። የሸለቆው የታችኛው ክፍል ወለሉ ውኃ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ይሄን ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የምድር ገጽ በራዳር ለክታ ነበር። ያኔ ግድቡ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ ሐይቅ የሆነው ቦታ ወለሉ ምን ይመስል እንደነበር መረጃው ውስጥ አለ። አፍሪካን የሚመለከተው የ30 ሜትር ጥራት ያለው መረጃ ከ2014 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። በነጻ። ከአውሮፓ ደግሞ ኮፐርኒከስ የሚባለው አዲስ የከፍታ መረጃ በተመሳሳይ ጥራት በነጻ ይገኛል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው ሶፍትዌርም ነጻ ነው። በዚህ ዓይነት መረጃ የሠሩ የጂኦሎጂ ተመራማሪዎች አባይና ገባሮቹ ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ላይ ጠርገው የወሰዱት ድንጋይ በ29 ሚሊዮን ዓመት ቢያንስ 93,200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር እንደሚሆን አስልተው በ2007 አሳትመዋል። አፈራችን ተሄደ እያልን እንዘፍናለን፤ እነሱ ቆጠሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የከፍታውን መረጃ ታወርዳላችሁ። ወደ ሜትር መለኪያ ትቀይራላችሁ፤ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ሸለቆው 36ኛውን የምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር ስለሚያቋርጥ ደጀን በአንድ ዞን፣ ግድቡ በሌላ ዞን ይወድቃል። ከዚያ ሁለት ነገር ታሰላላችሁ፤ የተዳፋቱን መጠን፣ እና እያንዳንዱ ነጥብ ከሥሩ ካለው ወንዝ ምን ያህል ከፍ እንደሚል። ሜዳው በድንገት ተሰብሮ ገደል የሚሆንበት መስመር ብቅ ይላል። አፋፉ እሱ ነው።

ግን ኮምፒዩተሩን ብቻ አትመኑ። ራዳር በሰያፍ ነው የሚያየው፤ ጠባብና ቀጥ ያለ ገደል ውስጥ ጥላ ይወድቅበታል፣ መረጃው ይጎድላል ወይም በግምት የተሞላ ነው። ስህተቱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአንድ በኩል ብቻ አፋፉን 1 ኪሎ ሜትር ብንስት፣ በ400 ኪሎ ሜትር ርዝመት 400 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ወይ ጨመርን ወይ ቀነስን። ስለዚህ እዚያው አፋፍ ላይ የሚኖር ልጅ ያስፈልጋል። ቆሞ ጂፒኤሱን አይቶ "አዎ፣ ገደሉ ከዚህ ይጀምራል፣ ቦታው እንዲህ ይባላል" የሚል። እሱን ሳተላይት አይተካውም። ሳተላይት ስም አያውቅም።

ስም ካልኩ አይቀር የሚያስቆጣ ነገር ልናገር። ይሄን ሐሳብ ለወዳጆቼ ሳነሳ አንዳንዱ ወዲያው "ጥሩ ነው፣ ድንበራችንን እናስምር" ይላል። አይደለም! የተፈጥሮ ወሰን ሌላ ነው፣ የአስተዳደር ወሰን ሌላ ነው። አፋፉን የምንስለው ገደሉ የት እንደሆነ ለማወቅ እንጂ ማን ከማን ይለይ ለማለት አይደለም። አባይ በረሃ ከድሮ ጀምሮ ጎጃምን ከሸዋና ከወለጋ ሲለይ ኖሯል፣ ሰዉ ግን ገበያ ሲሻገር፣ ሲጋባ፣ ከብት ሲነዳ ነው የኖረው። የማዶው አፋፍም አፋፋችን ነው። ስሙን ደግሞ ከማዶው ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ። ቦታው በኦሮምኛ የሚጠራ ከሆነ በኦሮምኛው ይጻፍ፣ ሁለት ስም ካለው ሁለቱም ይቀመጡ። የፈረንጅ ካርታ ስማችንን አበላሸ ብለን የምንጮህ ሰዎች የጎረቤታችንን ስም ብናበላሽ ምን ልንባል ነው? አገር እወዳለሁ የሚል ሰው አገሩን እንዳለች ይስላት።

ደግሞ ማንም ጀግና ልሁን ብሎ ለፎቶ ገደል እንዳይወርድ። የምትኖሩበትን፣ የምታውቁትን ብቻ መዝግቡ። የጸጥታ ነገር ያለበትን ቦታ፣ ኬላና ካምፕ የሚባል ነገር አትንኩ። የኛ ሥራ ድንጋይና አፋፍ ነው።

አሁን ወደ ሥራ አጥነቱ ልመለስ። በጂኦግራፊ፣ በጂአይኤስ፣ በጂኦሎጂ፣ በሰርቬይንግ ተመርቆ ቤት የተቀመጠው ስንቱ ነው? "ልምድ አምጣ" እየተባለ ከበር የሚመለሰው? እኔም አንዱ ቢሮ "የሠራኸውን አሳየን" ብሎኝ የማሳየው የመመረቂያ ወረቀቴን ብቻ ነበር። በስሙ የተመዘገበ፣ ዓለም ከፍቶ የሚያየው የካርታ ሥራ ያለው ልጅ ግን የሚያሳየው አለው። ደመወዝ ይሆናል አላልኩም። ዲግሪያችን እንዳይዝግ ያደርጋል ነው ያልኩት። ኦፕንስትሪትማፕ የሚባለው ክፍት ካርታ ማንም የሚያርመው ነው፤ እንግሊዝ አገር ቢጀመርም የእኛን ሰፈር መሙላት የእኛ ድርሻ ነው።

ከመንግሥት የምንጠይቀውም አለ። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሸለቆውን የ1 ለ 50,000 ካርታዎች በዲጂታል ለወጣቱ በነጻ ይልቀቅ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የራሷን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ስታመጥቅ አጨብጭበናል፤ ምስሎቹ ተማሪ እጅ ቢገቡ ጭብጨባው ትርጉም ያገኛል። ዩኒቨርሲቲዎችም መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጡትን የመመረቂያ ጽሑፎች ይክፈቱ። ስንቱ ተማሪ የአንዷን ወረዳ ገደል ለክቶ አስረክቦ ወጥቷል፤ ተሰብስቦ ቢገጣጠም ግማሹ ሥራ ተሠርቷል።

እስከዚያ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅ። ላፕቶፕ ያለው አንድ ወረዳ ይያዝ፤ ደጀን፣ ወረ ጃርሶ፣ ደራ፣ ቦረና፣ የፈለገውን። ላፕቶፕ የሌለው ስልክ ይዞ የአካባቢውን ስሞች ከሽማግሌ ይሰብስብ፤ እነዚያ ስሞች ከሽማግሌዎቹ ጋር እየተቀበሩ ነው። ኪውጂአይኤስ የምትችሉ ለማይችሉት አሳዩ።

ሕዳሴን በኪሳችን ሠርተነዋል፤ ከቀን ሠራተኛ እስከ ሊስትሮ ቦንድ ገዝቶ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። አፋፉን ለመሳል ደግሞ ቦንድ እንኳ አይጠይቅም፤ የተማርነውን ብቻ ነው የሚጠይቀው። የትኛውን ወረዳ እንደምትይዙ ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ ጂአይኤስ የተማረ ጓደኛ ያላችሁ ጥሩት። እኔ ደጀንን ይዣለሁ። ማዶ ጎሃ ጽዮን ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴ፣ የእናንተን አፋፍ እናንተ ጀምሩት፤ ድልድዩ ላይ እንገጣጠማለን።