እናቱን ያረመ ተማሪ

ልጆች ሆይ፤ በአርሲ አገር በመርቲ ወረዳ አቦምሳ የሚባል ከተማ አለ። በገበያው አማርኛና ኦሮምኛ በአንድነት ይሰማሉ። በዚህ ከተማ አንዲት እናት ከልጆችዋ ጋር ትኖር ነበር እንበል።

እናቲቱ ፊደል አልቈጠረችም፤ ነገር ግን ማታ ማታ ልጆችዋን በአጠገብዋ አቁማ አቡነ ዘበሰማያትን ትደግም ነበር። ጸሎቱን ከእናትዋ በቃል የተቀበለችው ነውና አንዳንዱን ቃል ታጠፋ ነበር። ወንዱ ልጅዋ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ማንበብ በጀመረ ጊዜ ስሕተትዋን ሰማ። በጎረቤት ፊት አረማት፤ ሳቀባትም። ከዚያች ማታ ወዲያ እናቲቱ ድምፅዋን አጥፍታ በልብዋ ብቻ ትጸልይ ጀመር። ታናሽ እኅቱ ገና አፍዋን የምትፈታ ሕፃን ነበረች፤ እንግዲህ ጸሎትን ከማን ሰምታ ትማር?

ይህ ነገር ትንሽ አይደለም። ልጁ የተማረው ቃል የቀና ነው፤ ነገር ግን በቀናው ቃል የቤቱን ጸሎት አፈረሰበት። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም። እርሱን ያስተማሩት ሰዎች ስለ እናቱ ምንም አላሰቡም ነበርና።

ብዙ ሰዎች፥ ቤተ ክርስቲያን ወላጆችን የምትረዳው ልጆቻቸውን ከእጃቸው ተቀብላ በማስተማር ብቻ ይመስላቸዋል። የሰንበት ትምህርት ቤት መልካም ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር በግሎስተር ከተማ ሮበርት ሬይክስ የተባለ የጋዜጣ አታሚ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ዓ.ም. የድኾች ልጆች በየእሑዱ ተሰብስበው እንዲማሩ አደረገ። እነዚያ ልጆች በሌላው ቀን በሥራ ይውሉ ነበርና ሌላ ጊዜ አልነበራቸውም። እንግዲህ ያ ትምህርት የጐደለውን ለመሙላት ተጀመረ እንጂ ቤትን ለመተካት አይደለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ 168 ሰዓት አለ። ልጅ በእሑድ ከመምህሩ ጋር ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ፥ ከቀረው አብዛኛውን የሚኖረው በወላጆቹ ዘንድ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከጥንት አለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ፥ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት አደራ ይቀበላሉ። ለቤተ ሰቡም የንስሐ አባት አለው። ነገር ግን የክርስትና አባት ብዙ ጊዜ የሚታየው በበዓል ቀን ነው፤ የንስሐ አባትም አንዳንድ ጊዜ ጠበል ረጭቶ፥ ጠላ ቀምሶ ይሄዳል። አደራው ግን ከዚህ ይበልጣል።

አሁን ወደ እናቲቱ ነገር መመለስ ይገባል። አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው መጡ፤ ዝምታዋንም አይተው ምክንያቱን ጠየቁ። ታናሺቱ ልጅ ነገረቻቸው። ቄሱ ልጁን አልተቈጡትም፤ «ዳዊትህን አምጥተህ አንብብልኝ፥ ልጄ» አሉት። ሳያደናቅፈው አነበበ። «ትርጓሜውስ ምንድር ነው?» ባሉት ጊዜ ግን ዝም አለ፤ ግእዙን ያነብባል እንጂ አይሰማውም ነበርና። ቄሱም ወደ እናቲቱ ዘወር ብለው «አንቺስ ስትጸልዪ ምን ትለምኛለሽ?» አሏት። እርስዋም «አባቴ፥ የዛሬው እንጀራ እንዳይጐድልብን፤ ያስቀየመኝንም ሰው ይቅር እንድለው ነው» ብላ መለሰች። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ቄሱ ለቤቱ ሥርዓት ሠሩለት። ልጁ ቅዳሜ ማታ ከወንጌል አንድ ምዕራፍ፥ ሁሉም በሚሰሙት ቋንቋ ያነብባል፤ ጸሎቱን እናቲቱ ትመራለች፤ ቄሱም በወር አንድ ጊዜ መጥተው ያልገባቸውን ይፈቱላቸዋል። የክርስትና አባቱንም አስጠርተው፥ ለበዓል ከረሜላ በሚያመጣበት ፈንታ መጽሐፍ እንዲገዛ አዘዙት። (ልጁ በዚህ ትንሽ ሳያዝን አልቀረም።)

የቋንቋው ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የምትሰማ አያት ብትኖር፥ በኦሮምኛ ይነበብላት። በኢሉባቦር የተወለደው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነበረ። ነጻ ከወጣ በኋላ፥ እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ መጽሐፉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ታተመ። ከእናቱ የተነጠቀው ልጅ፥ እናቶች ለልጆቻቸው በገዛ ቋንቋቸው የሚናገሩትን መጽሐፍ ሰጠ።

አንዳንዶች «ያልተማረ ወላጅ ምን ያስተምራል?» ይላሉ። ዔሊ ካህን ነበረ፤ ልጆቹ ግን ጠፉበት። ቅዱስ ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ባነሣ ጊዜ፥ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ አስቀድሞ ያደረ እምነት መሆኑን ጻፈ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ልጅን ስታስተምር እናቱን ከደጅ ብታስቀር፥ የራስዋን ሥራ በገዛ እጅዋ ታፈርሳለች።

በአቦምሳው ቤት እናቲቱ ዛሬም ያንን ቃል አልፎ አልፎ ታጠፋዋለች። ልጁም በአጠገብዋ ቆሞ ቃሉን አቅንቶ፥ በቀስታ አብሮአት ይላል። ታናሺቱ ግን ገና እንደ እናትዋ ነው የምትለው።