ለምስለ ፓርላማ ሕግ አውጪዎች፦ የረቂቅ ብዛት የምክር ቤት ሥራ መለኪያ አይሁን

ይህ ግልጽ ደብዳቤ የሚቀርበው በኢንተርኔት ላይ በተመሠረቱ ምናባዊ አገሮች ምክር ቤት ወንበር ይዘው ሕግ ለሚያወጡ አባላት፣ ስብሰባውን ለሚመሩ አፈ ጉባኤዎችና የአሠራር ደንቡን ለሚያረቁ ሰዎች ነው። ምስለ ፓርላማ የሚባለው፣ በሕግ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ዳኛና ጠበቃ ሆነው ከሚከራከሩበት ምስለ ችሎት ጋር የሚዛመድ፣ ተሳታፊዎቹ የእንደራሴን፣ የሚኒስትርንና የተቃዋሚ መሪን ሚና ወስደው ረቂቅ ሕግ የሚያቀርቡበት፣ የሚከራከሩበትና ድምፅ የሚሰጡበት መድረክ ነው። ምስለ ችሎት ግን ፍርዱ በተነበበበት ዕለት ያበቃል፤ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚታወቀው የተባበሩት መንግሥታት ሞዴል ጉባኤም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዘጋል። ምናባዊ አገር ለዓመታት የሚዘልቅ በመሆኑ ፓርቲዎች ይመሠረቱበታል፣ ይፈርሱበታል፣ መንግሥት ይወድቅበታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትናንት የጸደቀው ሕግ ዛሬ ለሚገቡት አባላት በውርስ ይተላለፋል። ስለዚህ እዚያ ሕግ የሚወጣበት መንገድ እንደ ተራ ልምምድ ታይቶ ሊታለፍ አይገባውም።

የደብዳቤው ቅሬታ የምክር ቤትን ጥንካሬ በቀረቡና በጸደቁ ረቂቆች ቁጥር የሚለካውን አሠራር ይመለከታል። በዚህ አሠራር ብዙ ረቂቅ ያቀረበ አባል ትጉ ይባላል፣ ብዙ ሕግ ያሳለፈ መንግሥት ስኬታማ ተብሎ ይወደሳል፣ በአንጻሩ የሌላውን ረቂቅ አንቀጽ በአንቀጽ መርምሮ ያረመ ወይም አንድን መጥፎ ሐሳብ በጥሩ ክርክር ያስቀረ አባል በመዝገቡ ላይ ሥራ እንዳልሠራ ሰው ሆኖ ይታያል። ይህ ደግሞ ምስለ ፓርላማ ያለውን ብቸኛ እውነተኛ ነገር፣ ማለትም በሰዎች መካከል የሚካሄደውን ክርክር፣ ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ነው።

የአሠራሩ አመጣጥ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የብሪታንያን የታችኛው ምክር ቤት አስመስሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሬዲት በተባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተቋቋመው ሞዴል ሐውስ ኦፍ ኮመንስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርጫው በእውነተኛ ድምፅ ይካሄድ ስለነበር፣ በምክር ቤቱ ውስጥ ምንም ያልሠራ ፓርቲ እንኳ ከውጭ ብዙ ድምፅ ሰጪ መሰብሰብ ከቻለ ብዙ ወንበር ሊያገኝ ይችል ነበር። በኋላ ውጤቱ በስሌት እንዲወሰን ተደረገ፤ ስሌቱም የምርጫ ዘመቻውን ብቻ ሳይሆን የፓርቲው አባላት በሥራ ዘመኑ ያቀረቧቸውን ረቂቅ ሕጎች፣ ሞሽኖች፣ ማለትም ሕግ ሳይሆኑ የምክር ቤቱን አቋም ብቻ የሚገልጹ የውሳኔ ሐሳቦችን፣ እንዲሁም በክርክር ላይ ያደረጓቸውን ንግግሮች ከግምት ያስገባል። የለውጡ መነሻ ቀና ነበር፤ ወንበር የሚገኘው ከሥራ እንጂ ከጓደኛ ብዛት እንዳይሆን የታሰበ ነውና። ነገር ግን ሥራን የሚመዝን ሁሉ የሚያጋጥመው ችግር እዚህም አለ፤ ጥራትን ለመመዘን እያንዳንዱን ጽሑፍ ማንበብና መፍረድ ሲያስፈልግ፣ ብዛትን ለማወቅ መቁጠር ይበቃል፤ ገምጋሚዎቹም በትርፍ ሰዓታቸው የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች በመሆናቸው ሚዛኑ ወደሚቆጠረው ነገር ማዘንበሉ አይቀርም። አባላቱም ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ከዚያ በኋላ የሚከተለውን አስቀድሞ መገመት አያዳግትም። በአንድ ረቂቅ ሊጠቃለል የሚችል ጉዳይ ለሦስት ተከፍሎ ይቀርባል፤ በእውነተኛ አገር ፓርላማ የጸደቀ ሕግ ስሙና ቀኑ ብቻ ተቀይሮ፣ የሚጠቅሳቸው መሥሪያ ቤቶች በምናባዊው አገር ይኑሩ አይኑሩ ሳይጣራ፣ እንደ አዲስ ሐሳብ ይገባል፤ የክርክሩ ቦታ ደግሞ ድጋፍን ወይም ተቃውሞን በሁለት መስመር ገልጸው በሚያልፉ ንግግሮች ይሞላል። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው የሌላ አገር ሕግ መገልበጡ አይደለም፤ ሕግ ከሌላው መማሩ የቆየና የሚያስከብር ልማድ ነው። የከፋው ረቂቁን ያቀረበው አባል በራሱ ሰነድ ላይ ጥያቄ ሲነሳበት አንድ አንቀጽ ለምን እንደተጻፈ ማስረዳት አለመቻሉ ነው፤ ያልጻፈውንና ያላሰበበትን ነገር እንዴት ሊከላከል ይችላል?

በእውነተኛ አገር ችኩል ሕግ የሚታረምበት ሌላ መንገድ አለ። አዋጁ ከጸደቀ በኋላ በጀት ያጥረዋል፣ ሠራተኛው በሥራ ላይ ሊያውለው ሲሞክር ጉድለቱን ያገኝበታል፣ ዳኛው አሻሚ ሆኖ ሲያገኘው ይተረጉመዋል፣ የተጎዳው ዜጋ አቤት ይላል። በምስለ ፓርላማ ግን ይህ ሁሉ የለም። የባቡር አገልግሎት ወደ መንግሥት ይዞታ እንዲመለስ የሚያዝዝ ሕግ ቢጸድቅ አንድም ባቡር አይንቀሳቀስም፤ የግብር መጣኔ ቢጨምር ኪሱ የሚጎድል ሰው አይኖርም። ሕጉን የሚቃወም ነገር ቢኖር የሌላው አባል አእምሮ ብቻ ነው፤ እርሱም ካልሠራ ሕግ አውጪው አካል እህል ሳይገባበት እንደሚሽከረከር ወፍጮ ድምፅ ብቻ ያሰማል። ከእውነተኛው ፓርላማ ይልቅ በምናባዊው ፓርላማ ክርክር የበለጠ ክብደት ሊሰጠው ይገባል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሕጉ ውጤት ምናባዊ ሆኖ ሳለ ሙግቱና ሙግቱ የሚያመጣው የሐሳብ ለውጥ ግን ምናባዊ አይደሉም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በዕድሜ ከገፉት አንዱ የሆነው የታሎሳ ንጉሣዊ መንግሥት ነው። ታሎሳን በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚልዋኪ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር መጨረሻ 1979 የመሠረተው ሮበርት ቤን ማዲሰን የተባለ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረ ልጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ግዛቱም የገዛ መኝታ ክፍሉ ነበር። ታሎሳ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በኢንተርኔት አማካይነት ከብዙ አገር ዜጎችን ተቀብላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ ኦርጋኒክ ሕግ የሚባል ሕገ መንግሥትም አቁማለች። ፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች አሉት፤ የታችኛው ምክር ቤት፣ ኮሳ የሚባለው፣ 200 ወንበሮች ሲኖሩት፣ ላይኛው ምክር ቤት ደግሞ ከስምንቱ ክፍለ ግዛቶች አንድ አንድ ሴናተር ይወከልበታል። ረቂቆች በየወሩ በሚወጣና ክላርክ በሚባል የድምፅ መስጫ ሰነድ ላይ በአንድነት ይቀርባሉ፤ እንደራሴዎቹም ለእያንዳንዱ ደግፌያለሁ፣ ተቃውሜያለሁ ወይም ድምፀ ተአቅቦ አድርጌያለሁ ብለው ይመልሳሉ። በእያንዳንዱ ክላርክ ላይ መንግሥቱ ሥራውን ይቀጥል ወይስ አይቀጥል የሚለው የመተማመኛ ጥያቄም አብሮ ይቀርባል፤ ይህም መንግሥት በየወሩ ለምክር ቤቱ ተጠያቂ እንዲሆን የሚያደርግ፣ ብዙ እውነተኛ አገሮች የሌላቸው ብልህ ሥርዓት ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው አንድ ክፍተት ይፈጥራሉ። የመጀመሪያው፣ ለ200 ወንበሮች የሚበቃ ሰው ስለሌለ አንድ እንደራሴ በርካታ ወንበሮችን በአንድነት መያዙ ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ምልክት በድምፅ ቆጠራው ላይ እንደ ብዙ ሰው ድምፅ ይመዘናል። ሁለተኛው፣ በተከታታይ ሁለት ክላርኮች ላይ ድምፅ ያልሰጠ እንደራሴ ወንበሩን የሚያጣ ሲሆን፣ ድምፅ እየሰጠ አንድም ቃል ያልተናገረ እንደራሴ ግን ግዴታውን እንደተወጣ መቆጠሩ ነው። ደንቡ መገኘትን ያስገድዳል፣ ማሰብን ግን አይጠይቅም። ዝም ብሎ በዝርዝሩ ላይ ምልክት የሚያደርግ አባል በእጁ ያሉትን ወንበሮች ሁሉ ያለ ምክንያት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላቸዋል፤ ያን ዕለት ተሸናፊ የሆነው ወገንም በምን ሐሳብ እንደተሸነፈ የማወቅ ዕድል አያገኝም።

ታሎሳ ራሷ ከዚህ የተሻለ ነገር እንደሚቻል አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ከዜጎቿ መካከል የተወሰኑት ከንጉሡ ጋር በነበራቸው አለመግባባት ተገንጥለው የታሎሳ ሪፐብሊክን አቋቋሙ፤ ሁለቱ ወገኖች እንደገና አንድ የሆኑት በ2012 ነበር። ስምንት ዓመት የተለያዩ ሰዎችን፣ አንዳቸው የሌላውን ሕጋዊነት ሳይቀበሉ ከቆዩ በኋላ፣ ወደ አንድ ምክር ቤት የመለሳቸው የረቂቅ ብዛት ሊሆን አይችልም፤ ንጉሣዊውንና ሪፐብሊካዊውን በአንድ ሕገ መንግሥት ሥር የሚያኖር ቃል መፈለግና በዚያ ላይ መስማማት ግድ ነበር። እንደዚህ ያለው ሥራ በቁጥር ቢመዘገብ አንድ ሰነድ ወይም ሁለት ሰነድ ከመባል አያልፍም። በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ግን ከእርሱ የሚበልጥ የሕግ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

ሌላው ሊጠና የሚገባው ምሳሌ አውስትራሊያዊው ደራሲ ማክስ ባሪ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2002 የከፈተው ኔሽንስቴትስ የተባለው የአገር ግንባታ ጨዋታ ነው። በውስጡ ያለው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በመጀመሪያ የተባበሩት መንግሥታትን ስም ይዞ ነበር፤ በ2008 ከእውነተኛው ድርጅት የስሙንና የዓርማውን አጠቃቀም የሚቃወም ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ ስሙ ወርልድ አሴምብሊ ሆኗል። በዚህ ጉባኤ አንድ የውሳኔ ሐሳብ አንዴ ከጸደቀ ሊሻሻል አይችልም፤ ስህተት ቢገኝበት ያለው አማራጭ ሙሉ በሙሉ ሽሮ በሌላ መተካት ብቻ ነው። ጥብቅ የሚመስለው ይህ ደንብ ያልተጠበቀ በጎ ልማድ አፍርቷል፤ ጠንቃቃ አርቃቂዎች ጽሑፋቸውን ለድምፅ ከማቅረባቸው በፊት ለረጅም ጊዜ ለሌሎች ትችት ያጋልጡታል፣ ቃል በቃል ይከራከሩበታል፣ ደጋግመው ይጽፉታል። በአንጻሩ ድምፅ መስጫው አራት ቀን ገደማ ብቻ የሚቆይ ሲሆን፣ የክልል ተወካዮች ከደጋፊዎቻቸው ብዛት ጋር የሚመጣጠን ተጨማሪ ድምፅ ስላላቸው በመጀመሪያው ቀን የሚሰጡት ድምፅ ቀሪዎቹን ወደ መሪው ወገን ይስባል። ጥሩው ሥራ ሁሉ የሚከናወነው ከድምፁ በፊት ነው ማለት ይቻላል፤ ድምፁ ብቻውን ሲቀር ከታሎሳው ዝምተኛ እንደራሴ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ይፈጠራል።

ለዚህ ቅሬታ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ቸል ሊባል አይገባውም። እንዲህ ያሉ ማኅበረሰቦችን የሚገድላቸው የሥራ ብዛት ሳይሆን ጸጥታ ነው፤ አባላት ምንም አዲስ ነገር ካላዩ ይሰላቻሉ፣ አንድ በአንድ ይቀራሉ፣ በመጨረሻም ምክር ቤቱ ምልዓተ ጉባኤ ያጣል። ብዛትን መቁጠር ቢያንስ ሰዎችን ወደ አዳራሹ ያመጣል ይባላል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ብዙ ምናባዊ አገሮች የጠፉት በእርግጥም በዚህ መንገድ ነው። መድኃኒቱ ግን በሽታውን ያባብሰዋል። አዲስ የመጣ አባል ማንም የማያነበው ሃያ ረቂቅ ቢያገኝ ወዴት እንደሚገባ አያውቅም፤ ስድስት ሰዎች አጥብቀው የሚከራከሩበት አንድ ረቂቅ ቢያገኝ ግን የሚለው ነገር ይኖረዋል፣ ባይኖረውም የሚሰማው ያገኛል። ሰውን የሚያቆየው መልስ ማግኘቱ ነው። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶች መሆናቸውም ነገሩን ያከብደዋል፤ ሕግ ማለት ለመቆጠር የሚጻፍ ወረቀት መሆኑን በዚህ ዕድሜ የተማረ ሰው፣ ነገ በእውነተኛ መሥሪያ ቤት ወይም ምክር ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ይህንኑ ይዞ ይገባል።

ከዚህ ተነስቶ ለምክር ቤቶቹ የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ የሕገ መንግሥት ለውጥን አይሻም። ውጤትን በስሌት የሚወስኑት፣ ተቀባይነት ያገኘ ማሻሻያ ላቀረበ አባል ረቂቁን ካመጣው አባል የማያንስ ዋጋ ይስጡ፤ ያኔ የሌላውን ጽሑፍ ማንበብ ራሱ የሚያዋጣ ሥራ ይሆናል። ረቂቅ ያቀረበ ሁሉ ከሕጉ ጋር አጭር ማብራሪያ ያያይዝ፤ በማብራሪያውም ሕጉ የትኛውን ነባር ሕግ እንደሚነካ፣ ከሌላ አገር የተወሰደ ከሆነም ከየት እንደተወሰደና ምን እንደተቀየረበት ይግለጽ። ብዙ ወንበር በአንድ ሰው እጅ በሚገኝበት ምክር ቤት ደግሞ እንደራሴው ለድምፁ ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት እንዲጽፍ ይደንገግ፤ ሌሎች አባላትም በዚያ ምክንያት ላይ ጥያቄ የማንሳት መብት ይኑራቸው።

ከሁሉም አስቀድሞ መጀመር ያለበት ግን የነባር ሕጎች ምርመራ ነው። እያንዳንዱ አዲስ የሥራ ዘመን ሲከፈት፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲስ ረቂቅ የማይቀርብባቸው ሆነው፣ መንግሥትና ተቃዋሚ በጋራ ቀደም ሲል የወጡትን ሕጎች አንብበው የሚጋጩትን ያስማሙ፣ የሞቱትን ይሻሩ፣ ማንም የማያስታውሳቸውን ለአዲሶቹ አባላት ያስረዱ። አፈ ጉባኤዎች ይህን በሚቀጥለው የሥራ ዘመን መክፈቻ አጀንዳ ላይ ለማስገባት የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።